ጥሎሹን የሚያመጣው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ሕንዳዊ አለቃ፣ ሕንዳዊ ባልደረባ ወይም ሕንዳዊ ተከራይ ያለው ሰው በከተማችን በርክቷል። ስለ ሰርጋቸው የሚደርሰን ጥያቄም አብሮ በርክቷል። ለዚህ እትም ስድስቱን መርጠናል። ስለ ሕንድ ስናወራ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር ላይ እሠራለሁ። ሕንዳዊው ሱፐርቫይዘራችን እህቱን ለመዳር አባቱ መሬት እንደሸጡ ሲያወራ ሰማሁ። ጥሎሽ የሚያመጣው ወንዱ አይደለም እንዴ? ልጅ ሰጥቶ ገንዘብ መጨመር ምን የሚሉት ነው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ያሳሳተዎት ቃሉ ነው። ሕንዶች «ዳሄጅ» የሚሉትን ብዙ ሰው «ጥሎሽ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ አካሄዱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የእኛ ጥሎሽ ከሙሽራው ወገን ለሙሽሪት የሚመጣ ልብስና ጌጥ ነው፤ በታዳሚ ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል፣ በመጨረሻም እሷው ጋ ይቀራል። የኦሮሞው ገበራም ከወንዱ ቤት ይነሣና ወደ ሴቷ ቤተሰብ ይሄዳል። ዳሄጅ ግን ከሴቷ አባት ቤት ወጥቶ ወንዱ ቤት ይገባል። ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም መኪና፣ ፍሪጅ፣ አልጋና ቁምሳጥን፣ አንዳንዴም መሬት ይሆናል። በደቡብ ሕንድ ቴሉጉ ተናጋሪዎች «ካትናም»፣ የኬራላ ክፍለ ግዛት ሰዎች «ስትሪዳናም» ይሉታል።

አመጣጡ ክፉ አልነበረም። በቀድሞው የሂንዱ ልማድ ሴት ልጅ ከአባቷ ርስት ከወንድሞቿ እኩል አትካፈልም ነበር፤ በሰርጓ ቀን ይዛው የምትሄደው ወርቅ ድርሻዋ ነበር። ስሙም «ስትሪዳን» ነው፣ የሴት ሀብት እንደማለት። ባል እንኳ ሳያስፈቅዳት አይነካውም ይባላል። ከጊዜ በኋላ ወርቁ ከእሷ አልፎ ወደ አማቶቿ እጅ መግባት ጀመረ፤ ሙሽራውም እንደ ሥራው ዋጋ ይወጣለት ጀመር። የመንግሥት ሠራተኛ፣ መሐንዲስና ሐኪም ውድ ናቸው። በገጠር ሕንድ በ17 ክፍለ ግዛቶች ከ1960 እስከ 2008 የተፈጸሙ 40,000 ጋብቻዎችን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ95 በመቶዎቹ ዳሄጅ ተከፍሎ አግኝተዋል። የከለከለው ሕግ የወጣው በ1961 መሆኑን ልብ ይበሉ! በአባት ርስት ላይ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል የሆነችው ደግሞ በ2005 የሂንዱ ውርስ ሕግ ሲሻሻል ነው፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ2020 ይበልጥ አጠናክሮታል። ያም ሆኖ ብዙ እህት «በሰርጌ ወስጃለሁ» ብላ ድርሻዋን ለወንድሞቿ በፊርማ ትለቃለች።

ሕንድ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ሜጋላያ የሚኖሩት ካሲዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ የቤተሰቡን ቤት የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ስለሆነች ዳሄጅ አያውቁም። ብዙዎቹ የጫካና የተራራ ሕዝቦች ዘንድ ከፋዩ እንደኛው ወንዱ ነው። ሙስሊሞቹ ወንዱ ለሴቷ የሚሰጠው መህር አላቸው፤ የ1961ዱ ሕግም መህርን በስም ለይቶ ከክልከላው አውጥቶታል። ሲክ ሃይማኖት ዳሄጅን በሥርዓቱ ይከለክላል። ክልከላውና ኑሮው የማይገናኙበት ቤት ግን በሁሉም ዘንድ አለ።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። እጮኛዬ ከኡታር ፕራዴሽ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ እሱ ሂንዱ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ወላጆቹ «ምንም አንፈልግም» ብለዋል። አክስቱ ግን በቪዲዮ ስንነጋገር «ልጅቷ ስንት ግራም ይዛ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀችው። ወንድሞቼ እንዳላፍር ብለው ገንዘብ እያዋጡ ነው። ሰርጉ የሚደረገው እዚያው በቤተ መቅደሳቸው ነው። ምን ላድርግ? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወንድሞችሽን አስቁሚ። በሕንድ ሕግ ዳሄጅ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የሰጠም ወንጀለኛ ነው። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማያንስ እስራትና ከ15,000 ሩፒ ወይም ከተሰጠው ነገር ዋጋ፣ ከሁለቱ ከበለጠው፣ የማያንስ መቀጮ ነው። መጠየቅ ብቻውንም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። ሕጉ ሃይማኖት አይለይም።

«እኛ ምንም አንፈልግም፤ ለልጃችሁ የፈቀዳችሁትን ስጡ» የሚለው አነጋገር በሰሜን ሕንድ በጣም የታወቀ ነው። አንዳንዱ ከልቡ ይለዋል። ሌላው ግን ቁጥሩን ራሳችሁ ጥሩት ማለቱ ነው፤ ትንሽ ከጠራችሁ ኩርፊያው ከሰርጉ በኋላ ይመጣል። የሚለየው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። «ሰርጉ ለስማችን የሚመጥን ሆቴል ይሁን»፣ «ልጁ ለሥራ መኪና ያስፈልገዋል»፣ «የታላቅየው ሚስት ይህን ያህል አምጥታለች» ከተባለ ጥያቄው ዳሄጅ ነው። የአክስቲቱን ጥያቄ መመለስ ያለበትም እጮኛሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። እሱ በራሱ ቋንቋ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት «አንቀበልም» ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ካለሽ ግን የሰርጉን ቀን አታስቆርጪ።

ለራስሽ ብለሽ የምትይዢው ወርቅና ዘመድ ወዶ የሚሰጥሽ ስጦታ አልተከለከለም። ማንም ሳይጠይቀው የተሰጠ፣ በልማድ የተለመደ፣ ከሰጪው አቅም ያላለፈና በዝርዝር የተመዘገበ መሆን አለበት። ለዝርዝሩ በ1985 የወጣ ደንብ አለ። ሰርጉ ዕለት ወይም እንዳለፈ ወዲያው በጽሑፍ ይዘጋጃል፤ የእያንዳንዱ ስጦታ አጭር መግለጫ፣ ግምታዊ ዋጋው፣ የሰጪው ስምና ዝምድናው ይሰፍርበታል፤ ሙሽራውና ሙሽሪት ይፈርሙበታል። ላንቺ የተሰጠሽን ዝርዝር የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ የእሱን እሱ። ከመቶ ሰርግ በአንዱ እንኳ በወጉ ሲዘጋጅ አይታይም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍርድ ቤት የሚያጨቃጭቀውም ይኸው ጉድለት ነው፤ ወርቁን የሰጠ ሁሉ አለሁ ቢልም ግራሙን የጻፈ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ጌጥ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺው። ድንጋይ ያለበት ከሆነ ጠቅላላውንና የወርቁን ክብደት ለየብቻ አስጽፊ። የግዢ ደረሰኙ በአንቺ ስም ይሁን። እዚያ የሚከበረው 22 ካራት ነው፤ ላዩ ላይ «916» ይላል፣ ከ1,000 እጅ 916ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው እንደማለት። ከ2021 ጀምሮ የሚሸጠው ጌጥ በአብዛኛው የሀገሪቱ የደረጃዎች ተቋም ማኅተምና ባለ 6 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው፤ እሱንም መዝግቢ። ከሐዋሳ ይዘሽው የምትሄጂው 18 ካራት ከሆነ 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 75 ግራም ብቻ ስለሆነ አማትሽ አገላብጠው «ቀለሙ ነጣ» ቢሉ አትቀየሚ፤ ዓይናቸው የለመደው ቢጫውን ነው።

ከሰርጉ ማግስት አማት «ሌባ አለ፣ እኔ ላስቀምጥልሽ» ብለው ወርቁን መሰብሰባቸው የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው የሚደረገው፤ ችግሩ ሲጠየቅ አይመለስም። ከመሄድሽ በፊት በባንክ በስምሽ ካዝና ለመከራየት ተስማሙ። ሳይሆን ቀርቶ ወርቁ እነሱ ጋ ቢቀር፣ የያዙት በአደራ እንደሆነና አልመልስም ያለ በእምነት ማጉደል እንደሚጠየቅ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ወስኗል።

ወርቁን ይህን ያህል ያሰፋነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጋ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበበት የባልና ሚስት የጋራ ነው። ጎዋ ከምትባለው ክፍለ ግዛት በስተቀር በሕንድ ሕግ እንዲህ ያለ የጋራ ሀብት የለም። ቤቱ በእሱ ወይም በአባቱ ስም ከሆነ የእሱ ወይም የአባቱ ነው። በፍቺ ጊዜ ያለ ክርክር የራስሽ የምትይው በስምሽ የተጻፈውንና ስትሪዳንሽን ነው።

ከወርቁ ይልቅ ግን እኛን ያሳሰበን የቤተ መቅደሱ ሰርግ ነው። የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የሚሠራው ሁለቱም ሂንዱ ሲሆኑ ብቻ ነው። አንቺ ሃይማኖትሽን ካልቀየርሽ የሰርጉን ሥርዓት እሳት ሰባት ጊዜ ብትዞሪ፣ አንገትሽ ላይ ማንጋልሱትራ የሚሉት የጋብቻ ሐብል ቢታሰር፣ አንድ ሺህ ሰው ቢበላ በሕግ ሚስቱ አይደለሽም። መንገዱ በ1954 የወጣው ልዩ የጋብቻ ሕግ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቢያንስ 30 ቀን በኖራችሁበት ወረዳ ለጋብቻ ሹሙ በጽሑፍ ታስታውቃላችሁ። ማስታወቂያው 30 ቀን ይለጠፋል። ተቃውሞ ካልመጣ ከ3 ምስክሮች ጋር ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ማስታወቂያው በተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ካልተፈረመ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። ብዙ ጥንዶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ የ3 ሳምንት ፈቃድ ወስደው ይሄዱና ማስታወቂያው ሳይወርድ ፈቃዱ ያልቅባቸዋል። ሌላው ጣጣ ማስታወቂያው ለሁሉም የሚታይ መሆኑ ነው፤ የማይስማማ አጎት ካለ ያነበዋል።

ስለዚህ ሁለት አማራጭ አለሽ። አንደኛው፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋብታችሁ የምስክር ወረቀቱን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ይዞ መሄድና የቤተ መቅደሱን ሥርዓት እንደ ድግስ ማድረግ። ለዚህ እሱ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከኤምባሲው ያስፈልገዋል። በ1969 የወጣው የሕንድ የውጭ አገር ጋብቻ ሕግ ኤምባሲ ውስጥ መጋባትንም ስለሚፈቅድ አብሮ ይጠይቅ። ሁለተኛው፣ ሕንድ ሄዶ 2 ወር ያህል መቆየት። የመጀመሪያው ይሻልሻል ባይ ነን። በስምሽ የሚሰጥ የዕድሜ ልክ የመኖሪያ ካርድ ለማመልከትም ጋብቻው ከተመዘገበ በኋላ 2 ዓመት መሙላት ስላለበት ምዝገባው በዘገየ ቁጥር እሱም ይዘገያል።

ክፉ ቀን ቢመጣ የሚያስፈልግሽንም ዛሬ ያዢው። በሕንድ የሴቶች የእርዳታ ስልክ 181 ነው። በ2005 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ከምትኖሪበት ቤት እንዳትባረሪ ይከላከልልሻል፤ ስትሪዳንሽንም ያስመልሳል። ሚስት በተጋባች በ7 ዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ ውጭ በሆነ ምክንያት ከሞተችና ከመሞቷ በፊት በዳሄጅ ሰበብ ትሠቃይ እንደነበር ከታየ፣ ሕጉ ባልን ወይም ዘመዶቹን ለሞቷ ተጠያቂ አድርጎ ይነሣል፤ ቅጣቱ ከ7 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። በፖሊስ የሚመዘገበው እንዲህ ያለ ሞት በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ6,000 በላይ ነው። ይህን የጻፍነው እጮኛሽን ለመጠርጠር አይደለም፤ ፓስፖርትሽንና የወርቁን ዝርዝር ቅጂ እናትሽ ጋ አስቀምጠሽ እንድትሄጂ ነው። ፓስፖርቱን ማለታችን የመጀመሪያውን ገጽ ኮፒ ነው፤ ዋናው ከእጅሽ አይውጣ።

ጥያቄ፦ በ1960ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ «እኔም እንደናንተ ኦርቶዶክስ ነኝ» ይሉን ነበር። እነሱም ይህን ገንዘብ ይከፍላሉ? (ጡረተኛ፣ ከባህል አዳራሽ)

መልስ፦ መምህርዎ የኬራላ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ተዋሕዶ ጋር አንድ እምነት ያላት እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰርጋቸውን ቢያዩት የሚያውቁት ነገር ያገኙበታል። ሙሽራው «ማንትራኮዲ» የሚባል ሳሪ ገዝቶ ይመጣና በሥርዓቱ መሐል ሙሽሪትን ያለብሳታል። ከዚያው ሳሪ 7 ክር ተመዝዞ ተገምዶ «ሚኑ» የተባለችው መስቀል ያለባት ትንሽ የወርቅ ጌጥ አንገቷ ላይ ትታሰርበታለች። ይህ ከእኛ ጥሎሽ አይርቅም።

ስትሪዳናሙ ግን ነበረ፣ አሁንም አለ። ዛሬ በአብዛኛው የኬራላ አካል በሆነው በቀድሞው የትራቫንኮር ግዛት የ1916 የክርስቲያኖች ውርስ ሕግ የሴት ልጅን ድርሻ ከወንድ ልጅ ድርሻ ሩብ ወይም 5,000 ሩፒ፣ ከሁለቱ ባነሰው፣ ወስኖት ነበር፤ ስትሪዳናም ከወሰደች እሱም አይኖራትም። ሜሪ ሮይ የተባሉ የኬራላ መምህርት ይህን ተከራክረው በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴቶች እኩል እንዲወርሱ ፈረደላቸው። ዛሬ ክርክሩ በወርቅ መልክ ነው የቀረው። በኬራላ ወርቅ የሚቆጠረው በ«ፓቫን» ነው፣ 8 ግራም። «50 ፓቫን ይዛ ገባች» ከተባለ 400 ግራም አንገቷና እጇ ላይ ተሸክማ ቆማለች ማለት ነው። ፎቶው ለአንድ ቀን ነው፤ የአባቷ ብድር ግን ለዓመታት።

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። ሕንዳውያን ሠራተኞቻችን ፈቃድ የሚጠይቁት ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ለምን?

መልስ፦ እርስዎ በዐቢይ ጾም ሰርግ እንደማይጠሩት ሁሉ እነሱም የማይጋቡበት ወቅት አላቸው። በሰሜን ሕንድ ሂንዱዎች ከሐምሌ ገደማ ጀምሮ 4 ወር ሰርግ አይደግሱም፤ የሚፈታው እንደ ጨረቃ ቆጠራቸው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ነው። ከታኅሣሥ 7 እስከ ጥር 6 ገደማ እንደገና ይዘጋል። በደቡብ የሚኖሩት ታሚሎች ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 10 አካባቢ ያለውን ወርም ይተዋሉ። ስለዚህ ኅዳርና ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይጨናነቃል፤ በመጋቢት ደግሞ ሌላ አንድ ወር ይዘጋል። ቀኑ ራሱ የሚቆረጠው በኮከብ ቆጣሪ ነው፤ የሁለቱ ኮከብ ከ36 ነጥብ ቢያንስ 18 ሊገጥም ይገባል ይባላል። ቀን የተቆረጠለት ሠራተኛ በሳምንት ቢያራዝሙለት አይጠቅመውም። የፈቃድ ዕቅድዎን መስከረም ላይ ያስጨርሱ። የእህት ሰርግ ከሆነ ከራስ ሰርግ የበለጠ ቀን ይጠይቃል፤ ወንድም ደጋሽ ነውና።

ጥያቄ፦ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ? ልጄን የጠየቃት ሕንዳዊ እናትና አባቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው መባሉን ሰምተን ደነገጥን።

መልስ፦ ልጁ ከደቡብ ሕንድ ከሆነ አይደንግጡ፤ እዚያ የእናትን ወንድም ልጅ ማግባት የቆየ ልማድ ነው። ሰሜኖቹ ግን እንደኛው ይጸየፉታል። ሕጋቸው በአባት በኩል 5 ትውልድ፣ በእናት በኩል 3 ትውልድ ይቆጥራል፤ ልማድ ከፈቀደ ግን ያልፈዋል። ከዚያም በላይ «ጎትራ» የሚሉት የዘር ስም አለ፤ አንድ ጎትራ ከሆኑ በሰሜን እንደ ወንድምና እህት ይታያሉ። ለልጅዎ የሚያሰጋ ዝምድና የለም።

ጥያቄ፦ ሕንዳዊ ጎረቤታችን አግብቶ መጥቶ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ግብዣ አለው። ምን ልልበስ? ስንት ብር ልስጥ? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ሙሉ ነጭ አይልበሱ፤ በሰሜን ሂንዱዎች ዘንድ የሐዘን ልብስ ነው። ሙሉ ጥቁርም ለሰርግ አይወደድም። ጥለቱ የደመቀ ሐበሻ ቀሚስ ግን ደስ ያሰኛቸዋል። ቀይ የሙሽራዋ ነው፣ ይተዉላት። ሥጋና መጠጥ ላይቀርብ ስለሚችል ጠርሙስ ይዘው አይሂዱ። ሥርዓቱ የሚደረግበት ዳስ ካለ ጫማ ይወለቃል፤ የሙሽራው ጫማ ከጠፋ አይደናገጡ፣ የሙሽሪት እህቶች ደብቀውት ነው፤ ገንዘብ ሳይከፍል አያገኘውም። የእኛዎቹ ደጅ ይዘው «አናስገባም» እንደሚሉት ነው።

ገንዘቡ ድፍን ቁጥር አይሁን። 500 ሳይሆን 501፣ 1,000 ሳይሆን 1,001 ይስጡ፤ በዜሮ ያለቀ ነገር ያበቃ ይመስላቸዋል፣ አንዷ ግን ገና ይቀጥላል የምትል ናት። ሕንድ ውስጥ የስጦታ ፖስታው ከነአንድ ሩፒ ሳንቲሙ ተለጥፎበት ይሸጣል። እዚህ ስለማያገኙት ቀይ ወይም ቢጫ ፖስታ ገዝተው አንድ ብር ሳንቲም ከውጭ በፕላስተር ይለጥፉበት፣ በቀኝ እጅዎም ይስጡ።